የበግ ፀጉርን በዕፅዋት ቀለም መንከር፦ ከሽልት እስከ ሹራብ

በወሎ ደጋ ወረዳዎች የበግ ፀጉር ለባና፣ ለዝተት፣ ለበርኖስና ለምንጣፍ ሲውል የኖረው በአብዛኛው በተፈጥሮ መልኩ ነው፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ፣ ቡናማውም ቡናማ እንደሆነ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ሹራብ መሥራትን የትርፍ ጊዜ ሥራው ያደረገ ሰው ግን ብዙ ሳይቆይ ከእነዚህ መልኮች ውጭ ያለውን መመኘቱ አይቀርም። ሱቅ ገብቶ በፋብሪካ የተነከረ ክር መግዛት ቀላል ቢሆንም፣ በርካሽ የሚገኘው በብዛት አክሪሊክ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ የበግ ፀጉርን ሙቀት አይሰጥም። ስለዚህ አንዱ እርድ ይገዛል፣ ሌላው የሽንኩርት ልጣጭ ያጠራቅማል፣ ድስትም ይጣዳል። የመጀመሪያው ቀን ውጤት ደስ ያሰኛል። ከጥቂት እጥበት በኋላ ግን ቀለሙ ይገረጣል፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ በተክሉ ይላከካል።

አንዳንድ ተክል በእርግጥ ደካማ ቀለም አለው፤ እርድ ከእነዚህ አንዱ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በአብዛኛው ግን ቀለሙ መያዝ አለመያዙ የሚወሰነው ቅጠሉ ወይም ሥሩ ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ፀጉሩ ከየትኛው በግ፣ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደተሸለተ፣ እንዴት እንደታጠበ፣ በምን እንደተዘፈዘፈና በምን ያህል ሙቀት እንደቆየ የተረዳ ሰው ከተራ የሽንኩርት ልጣጭ ለዓመታት የሚቆይ ቀለም ያወጣል። ይህን ያልተረዳ ደግሞ በጣም ውድ ከሆነው የቀለም ተክል እንኳ የሚያገኘው የአንድ ሰሞን ድምቀት ብቻ ነው።

ፀጉሩን ማወቅ

የበግ ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የእያንዳንዱ ዘለላ ገጽ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ሽፋኖች የተሸፈነ ሆኖ ይገኛል። እነዚህ ሽፋኖች ሙቅ ውሃ ሲያገኙ ይከፈታሉ፤ ሲከፈቱም ቀለምና አጣባቂ ማዕድን ወደ ውስጥ ይገባል። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሽፋኖቹ ተከፍተው ሳለ ፀጉሩ ከታሸ፣ ከተማታ ወይም ከሙቅ ውሃ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ከገባ፣ አንዱ ዘለላ ከሌላው ጋር ተቆላልፎ ይጨመደዳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊፈታው አይችልም። ስለዚህ የበግ ፀጉርን በሚመለከት ከሁሉ የሚቀድመው ደንብ ሙቀቱን ቀስ በቀስ መጨመር፣ ቀስ በቀስም መቀነስ፣ በመካከሉም ፀጉሩን አለማሸት ነው።

የወሎ ደጋ በግ ፀጉር ሜሪኖ ከተባለው ለስላሳ ፀጉር ያለው የበግ ዝርያ ተሸልቶ ከውጭ ከሚመጣው ፀጉር በጣም የተለየ ነው። ላዩ ረጅምና ሸካራ ሲሆን ከሥሩ ደግሞ አጠር ያለና ለስላሳ ፀጉር አለው፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ይሸለታሉ። በመካከላቸው ነጭ፣ ደረቅና ተሰባሪ የሆኑ ዘለላዎችም ይገኛሉ። የእነዚህ ዘለላዎች ውስጣቸው ክፍት በመሆኑ ተነክረው እንኳ ከሌላው ፈዘዝ ብለው ይታያሉ። ብዙ ጀማሪዎች ቀለሙ ዥንጉርጉር የሆነው በአነካከር ጉድለት ይመስላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ እነዚህ ዘለላዎች ናቸው። ከመታጠቡ በፊት በእጅ እየለቀሙ ማውጣት ያሰለቻል፣ ያም ሆኖ ለሹራብ የሚሆን ፀጉር ይህን ትዕግሥት ይጠይቃል። በአንድ በግ ላይም ቢሆን ከትከሻና ከጎን የሚገኘው ፀጉር ለስላሳ፣ ከታፋና ከጭራ አካባቢ የሚገኘው ደግሞ ሸካራ ስለሆነ፣ ሲሸለት ለየብቻ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

የፀጉሩን ጥንካሬ ለመፈተን አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የእርሳስ ውፍረት ያህል ፀጉር ከሁለቱም ጫፍ በጣት ይዞ ወደ ጆሮ አስጠግቶ በድንገት ሳብ ማድረግ ነው። ጤናማ ፀጉር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥና እንዳለ ይቀራል፤ የመሰነጣጠቅ ድምፅ ከተሰማ ወይም ፀጉሩ ከመካከሉ ከተበጠሰ በጉ በረሃብ ወይም በበሽታ ጊዜ ያበቀለው ደካማ ክፍል አለው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፀጉር በደጋን ሲነደፍ ይሰባበራል፣ ሹራቡም ላይ ብናኝ ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ጉዳይ የጤና ነው። አባ ሰንጋ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፤ ተሕዋሲው በፀጉርና በቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፣ ተራ ማፍላትም አስተማማኝ መከላከያ አይሆነውም። ስለዚህ ሞቶ ከተገኘ፣ በድንገት ከወደቀ ወይም ታሞ ከታረደ በግ የተገኘ ፀጉር በነፃ ቢሰጥም መወሰድ የለበትም። ፀጉሩ በቁሙ ከተሸለተ ጤናማ በግ፣ ባለቤቱ ከሚታወቅ መንጋ ይሁን።

እጥበቱ

ያልታጠበ ፀጉር ውስጥ አፈር፣ ላብና ላኖሊን የሚባል ቅባት አለ። ቅባቱ ውሃን ይገፋል፤ ውሃ ያልገባበት ቦታ ደግሞ ቀለም አይገባበትም። እጅ ላይ የሚያጣብቅ ፀጉር ገና አልታጠበም ማለት ነው።

ለማጠቢያ የሚሆነው ውሃ 60 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም እጅ ለአፍታ ገብቶ ለመቆየት የሚቸገርበት ያህል ሙቅ ሊሆን ይገባዋል። ፀጉሩ በመረብ ከረጢት ወይም በስስ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ታስሮ ይዘፈዘፍና 20 ደቂቃ ያህል ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ ይወጣና በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ሌላ ውሃ ይዘፈዘፋል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይህ ይደጋገማል። ለሳሙና ከሁሉ የምመርጠው እንዶድ ነው። እናቶቻችን ነጠላና ኩታ ያጸዱበት የነበረው ይህ ፍሬ አረፋውን የሚያገኘው ሳፖኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ እንደ አመድ ውሃ ፀጉሩን አይበላም። የአመድ ውሃም ሆነ ለጥጥ የሚሆነው ጠንካራ የልብስ ሳሙና ግን አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ አልካሊ ኬራቲንን ያሟሟል። ጥጥ የሚችለውን የበግ ፀጉር አይችልም። እንዶድን የሚጠቀም ሰው የማጠቢያውን ውሃ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ከመድፋት መቆጠብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ሞተው የተገኙትን ቀንድ አውጣዎች ተመልክተው ያረጋገጡት ነገር፣ እንዶድ ለቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ገዳይ መሆኑን ነው፤ ዓሣንም ይገድላል።

ታጥቦ በጥላ የደረቀው ፀጉር በሚዛን ይመዘናል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት መጠኖች በሙሉ የሚሰሉት በዚህ ንጹሕና ደረቅ ክብደት ላይ ነው። ባልታጠበ ፀጉር ክብደት የሚያሰላ ሰው አፈሩንና ቅባቱን አብሮ ስለሚመዝን አጣባቂውን ከሚገባው በላይ ያበዛል።

አጣባቂው

የዕፅዋት ቀለም አብዛኛው ብቻውን ከፀጉር ጋር አይጣበቅም፤ ውሃ ያመጣውን ውሃ ይወስደዋል። በመካከል ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኝ ማዕድን ያስፈልጋል። ለዚህ ተመራጩ አሉም ነው፤ ነጭ፣ ክሪስታል የሆነ፣ ድፍርስ ውሃ ለማጥራትና ከምላጭ በኋላ ፊት ለመቀባት የሚያገለግለው ነው። በአሉም ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ቅንጣት በአንድ ወገን ከፀጉሩ ፕሮቲን፣ በሌላው ወገን ከቀለሙ ሞለኪውል ጋር ይያያዛል፤ ሦስቱ ተጣምረው ውሃ በቀላሉ የማይፈታው ውህድ ይሆናሉ። አሉም በዝቶ ከገባ ፀጉሩ ያጣብቃል፣ ካነሰ ደግሞ ቀለሙ ይፈዝዛል። ለ100 ግራም ደረቅ ፀጉር ከ10 እስከ 15 ግራም አሉም በቂ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሉሙ በትንሽ ሙቅ ውሃ ይሟሟና ፀጉሩ እንደልቡ በሚንሳፈፍበት ሰፊ ድስት ውሃ ውስጥ ይጨመራል። ቀድሞ በለብታ ውሃ የራሰው ፀጉር ይገባል። እሳቱ በዝግታ እየጨመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 80 ዲግሪ እንዲደርስ ይደረጋል፤ በዚያ ሙቀት ሌላ አንድ ሰዓት ይቆያል። ከዚያ እሳቱ ይጠፋና ፀጉሩ እዚያው ድስት ውስጥ ያድራል። ማደሩ ቸል የሚባል ነገር አይደለም፤ አጣባቂው ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል፣ ፀጉሩም ሳይደነግጥ ይቀዘቅዛል።

ከሌላ አገር የተጻፈ የቀለም አሠራር የሚከተል የወሎ ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94፣ 3,000 ሜትር በሚያልፈው ደጋ ላይ ደግሞ ከ90 አይበልጥም። ስለዚህ አሠራሩ "ከመፍላቱ ጥቂት ዝቅ ያለ" ሲል የቆላ ሰው ከሚያገኘው ሙቀት እኛ የምናገኘው ያንሳል፤ ሥርና ቅርፊት ቀለማቸውን ለማውጣት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉ። አንድ ሰዓት የተባለውን አንድ ሰዓት ተኩል ማድረግ ጥሩ ነው። ሌላው መዘዝ ደግሞ በእኛ አገር ውሃው የሚንተከተከው 80 ዲግሪን እንዳለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ መንተክተኩ ፀጉሩን ያማታዋል፣ ያጨመድደዋልም። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ከድስቱ ግርጌ ትንንሽ የአየር ኳሶች መነሳት ሲጀምሩ ከሰሉን መቀነስ ይችላል።

ስለ ድስቱም ጥቂት ቃል ልጨምር። በየቤቱ ያለው ስስ የአሉሚኒየም ድስት ያገለግላል፣ ለደማቅ ቀለም ግን ኢናሜሉ ያልተሸረፈ ወይም ስቴንለስ የሆነ ይመረጣል። የዛገ ብረት ቀለሙን ያጠቁረዋል፤ ሸክላ ደግሞ ቀለም እየጠጣ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ለቀለም የዋለ ድስት፣ ማማሰያና ወንፊት ተመልሶ ለምግብ መዋል የለበትም።

ቀለም የሚሰጡ ነገሮች

ከአገራችን ዕፅዋት ሁሉ ለበግ ፀጉር ከፍ ያለ ግምት የምሰጠው ለመቅመቆ ነው። ቅቤ ሲነጠር ወርቃማ መልክ እንዲኖረው የሚጨመረው ይኸው ሥር በደጋ ይበቅላል፣ በቅመም ተራም ደርቆ ይሸጣል። የደረቀው ሥር ሲሰበር ውስጡ ብርቱካናማ ቢጫ ነው፤ መልኩ በደመቀ ቁጥር ቀለሙም የበለጠ ነው። ከፀጉሩ ክብደት ጋር እኩል የሆነ ሥር ይወቀጥና ውሃ ውስጥ ይታደራል፤ በማግሥቱ በዝግታ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተቀቀለ በኋላ በስስ ጨርቅ ይጠለላል። ዱቄቱ ካልተጠለለ ፀጉሩ ውስጥ ይሰገሰግና ሲፈተል ያስቸግራል። በአሉም የተዘጋጀው ፀጉር በተጠለለው ቀለም ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቆይ ከቢጫ እስከ ወርቃማ ይሆናል።

የመቅመቆ ልዩ ባሕርይ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ቀለሙ አንትራኪኖን ከሚባለው ወገን ስለሆነ አልካሊ ሲነካው ወደ ቀይ ያደላል። ከድስቱ አንድ ማንኪያ ቀለም በነጭ ስኒ ቀድቶ ቁንጢጥ የቤኪንግ ሶዳ ቢጨመርበት፣ ቢጫው ፈሳሽ ዓይን እያየ ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ ይታያል። አቼቶ ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ከአንድ ድስት ሁለትና ሦስት መልክ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ሶዳው እጅግ ትንሽ፣ ውሃው ለብ ያለ፣ ቆይታውም አጭር መሆን አለበት፤ ቀደም ሲል እንደተባለው አልካሊ ለፀጉሩ ጠላት ነውና። በኋላ በአሲዳማ ነገር የሚታጠብ ሹራብ ቀይነቱን ሊያጣ እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ከሁሉ የቀለለውና ለጀማሪ የምመክረው ነው። ወጥ በሚሠራበት ቤት ሁሉ በነፃ ይገኛል፣ ደርቆ ለወራት ይቀመጣል፣ ውጤቱም አያሳፍርም። ውስጡ ኬርሴቲን የተባለ ቀለም አለ፤ ከፀጉሩ ክብደት ግማሽ ያህል ልጣጭ በአሉም ላይ ወርቃማ፣ እኩል ያህል ከሆነ ደግሞ ብርቱካናማ ይሰጣል።

መስከረም ላይ ሜዳውን የሚሞላው አደይ አበባ ለቀለም ሥራ ከሚታወቁ ቢጫ አበቦች ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ አበባው ብቻ ተለቅሞ ትኩሱን ከፀጉሩ እጥፍ በሚሆን ክብደት ሲቀቀል በአሉም ላይ ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ይሰጣል። ዘር እንዲጥል ከየቦታው ጥቂት ጥቂት መልቀም ይገባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ አጣባቂ ሳይፈልግ እንኳ በበግ ፀጉር ላይ የሚይዝ በመሆኑ ከብዙዎቹ ይለያል፤ ቢጫና ቡናማ መልክ ይሰጣል፣ ዓመቱን ሙሉም ይገኛል። ሂናም እንዲሁ ነው። በወሎ ሙሽራ እጅ ላይ የሚይዝበት ምክንያትና በፀጉር ላይ የሚይዝበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሎውሶን የተባለው ቀለሙ ከኬራቲን ጋር በቀጥታ ይጣመራል። ቡናማ ያደላ ብርቱካናማ ይሰጣል፣ እጥበትንም ይቋቋማል።

እሾሃማው የአገር ሱፍ አበባ (የፈረንጅ ሱፍ አይደለም) ለቀይ ቀለም ያለው ዝና ብዙዎችን ያሳስታል። አበባው ውስጥ ሁለት ቀለም አለ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የሚወጣ ቢጫና በአልካሊ ብቻ የሚወጣ ቀይ። ቀዩ የሚስማማው ከጥጥና ከሐር ጋር ነው፤ ለበግ ፀጉር የሚሆነው ቢጫው ብቻ ነው።

አሁን ወደ እርድ ልመለስ። እርድ ያለ አጣባቂ በቅጽበት ይይዛል፣ ድምቀቱም ወደር የለውም። ነገር ግን ኩርኩሚን የተባለው ቀለሙ በብርሃን ይፈርሳል፤ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ የተሰቀለ በሳምንታት ውስጥ ይገረጣል። ይህን አሉም አያስቀረውም። ቢጫ የፈለገ ሰው መቅመቆ ወይም የሽንኩርት ልጣጭ ይጠቀም።

አረንጓዴ ቅጠል አረንጓዴ ቀለም ይሰጣል ብሎ የሚጀምር ሰውም ያዝናል። የቅጠሉ አረንጓዴ ክሎሮፊል ነው፤ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፣ ከፀጉርም ጋር አይጸናም። ከቅጠል የሚገኘው በአብዛኛው ቢጫ ነው። ጽኑ አረንጓዴ የሚገኘው ቢጫውን በብረት በማጠየም ወይም በሰማያዊ ላይ በመደረብ ነው። ሰማያዊው ደግሞ ከኢንዲጎ የሚገኝ ሲሆን አሠራሩ እስካሁን ከተነገረው ፈጽሞ ይለያል፤ ኢንዲጎ በውሃ ስለማይሟሟ ኦክስጅን በሌለበት አልካሊያዊ ፈሳሽ ውስጥ መልኩን ቀይሮ ፀጉሩ ውስጥ ይገባና፣ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ነው ሰማያዊ የሚሆነው። ለጀማሪ አይመከርም። ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ሰው ሠራሽ ኢንዲጎን ለገበያ ማቅረብ የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ቀለም በ1856 ከተገኘ ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ደማቅ ቀይ የሚሰጠው ኮቺኒል በበለስ ላይ የሚኖር፣ ነጭ ዱቄት የለበሰ የሚመስል ነፍሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ ከገባ በኋላ ከቁጥጥር ወጥቶ የበለስ ማሳዎችን አጥፍቷል። በለስ የብዙ ቤተሰብ የክረምት ምግብና የከብት መኖ ስለሆነ ለሹራብ ብሎ ነፍሳቱን ከነሕይወቱ ከቦታ ወደ ቦታ ማንቀሳቀስ ጎረቤትን መጉዳት ነው። ደርቆ የተፈጨ ካልተገኘ በመቅመቆ ቀይ ቡናማ ረክቶ መኖር ይሻላል።

በብረት ማጠየም

ብረት አብዛኛውን የዕፅዋት ቀለም ያጠይማል፦ የሽንኩርቱን ወርቃማ ወደ ወይራማ አረንጓዴ፣ የባሕር ዛፉን ቡናማ ወደ ግራጫ፣ ታኒን (ቆዳ የሚለፋበት ንጥረ ነገር) የበዛበትን የግራር ቅርፊት ወደ ጥቁር ይለውጣል። የብረት ውሃ ቤት ውስጥ ይዘጋጃል፤ የዛጉ ሚስማሮች በአቼቶና በውሃ ውስጥ ክዳኑ ላላ ተደርጎ ለሁለት ሳምንት ሲቆዩ ቡናማ ፈሳሽ ይወጣል። ከዚህ ጥቂት ማንኪያ በለብታ ውሃ ውስጥ ጨምሮ የተነከረውን ፀጉር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። በዱቄት መልክ የሚሸጠውን የብረት ሰልፌት የሚጠቀም ከፀጉሩ ክብደት ከ2 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ብረት ሲበዛ ፀጉሩ ይደርቃል፣ ከዓመታት በኋላም ይሰባበራል። ዱቄቱ ለሕፃናት መርዝ ስለሆነ ተቆልፎ ይቀመጥ። በቆዩ አሠራሮች ውስጥ የሚጠቀሰውን ክሮም የተባለ አጣባቂ ግን ማንም ሰው በኩሽናው ውስጥ እንዲነካው አልመክርም፤ ለሠሪውም ለውሃውም አደገኛ ነው።

ለምን ሳይፈተል ይነከራል?

ክር ፈትሎ መንከር ይቻላል፣ ብዙዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ለአገራችን ፀጉር ግን ሳይፈተል መንከሩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሸካራውና ለስላሳው፣ ክፍቱና ድፍኑ ዘለላ ቀለምን የሚጠጡት እኩል ስላልሆነ ክር ላይ ዥንጉርጉርነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፀጉሩ ሳይፈተል ሲነከር ግን ያልተስተካከለው ሁሉ በደጋን ሲነደፍ ይቀላቀላል። አንድ የአዋቂ ሹራብ ከወፍራም ክር ሲሠራ ከ500 እስከ 700 ግራም ሊፈጅ ይችላል፤ ይህን ያህል ፀጉር በአንድ የቤት ድስት አይነከርም። የዕፅዋት ቀለም ደግሞ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም፤ ውሃው፣ ወሩ፣ ተክሉ የበቀለበት አፈር ሁሉ ይለውጡታል። በየተራ የተነከረውን ሁሉ ደርቆ ከተከመረ በኋላ ከየክምሩ እፍኝ እፍኝ እያነሱ አንድ ላይ መንደፍ ከእጅጌና ከደረት የተለያየ መልክ ያድናል። ከዚህም በላይ ከወርቃማው ሁለት እጅ፣ ከተፈጥሮ ጥቁሩ አንድ እጅ ቀላቅሎ መንደፍ በድስት ሊገኝ የማይችል ጥልቀት ያለው መልክ ይፈጥራል። ነፋ ብሎ እንደ ባዘቶ ሲሆን ለእንዝርት ዝግጁ ነው።

ለሽመና የሚፈተል ክር ከርሮ ቢወጣ ጉዳት የለውም፤ ለድር እንዲያውም ይፈለጋል። ሹራብ ግን ይለያል። ነጠላና የከረረ ክር ሹራቡን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል። ስለዚህ ላላ ተደርጎ ይፈተልና ሁለት ክር አንድ ላይ፣ እንዝርቱን በተቃራኒ አቅጣጫ በማሽከርከር ይገመዳል። ሚዛኑን ለማወቅ አንድ ክንድ ያህል የተገመደ ክር ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ ወደ ታች ማንጠልጠል ነው፤ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ተስተካክሏል፣ በራሱ ላይ ከተጠማዘዘ ደግሞ በአንዱ በኩል ከርሯል። የተገመደው ክር ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ሳይወጠር ተሰቅሎ ከደረቀ በኋላ በልቃቂት ይጠቀለላል።

ለእንዲህ ያለ ክር ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሹራብ መርፌ ይስማማል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ናሙና መሥራት ያስፈልጋል፤ የሚለካውም ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው፣ በእጅ የተፈተለ ክር ውሃ ሲነካው ይነፋልና። ሸካራው የአገራችን ፀጉር ቆዳን ስለሚበላ ለሕፃን ልብስና ለአንገት አይሆንም፤ ለካፖርት፣ ለቦርሳ፣ ለትራስ ልብስ፣ ለእግር ምንጣፍ ግን ከሜሪኖ ይልቅ ይበረታል። ለመጀመሪያ ሥራ ከ80 እስከ 100 ግራም ክር የሚበቃው ቆብ መልካም ነው፤ ከውስጥ በስስ ጥጥ ሊገበር ይችላል።

አስቀድሞ መፈተን

ሙሉ ሹራብ ከመሠራቱ በፊት ከእያንዳንዱ ቀለም ጥቂት ክር በካርቶን ላይ ተጠምጥሞ ግማሹ በሌላ ካርቶን ይሸፈንና ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ ለአንድ ወር ይቀመጣል። ሽፋኑ ሲነሳ በተጋለጠውና በተሸፈነው መካከል ልዩነት ካለ ቀለሙ ለብርሃን አይጸናም። ለእጥበት ደግሞ ትንሽ ክር ከነጭ የጥጥ ጨርቅ ጋር ጠቅልሎ በለብታ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ጨርቁ ቀለም መያዝ አለመያዙን ማየት ይበቃል። እያንዳንዱ ናሙና ላይ የፀጉሩ ክብደት፣ የአሉሙ መጠን፣ ተክሉ የተለቀመበት ወርና ቦታ፣ ድስቱም በእሳት ላይ የቆየበት ጊዜ ቢጻፍ ለሚቀጥለው ድስት መነሻ ይሆናል።

የተሠራው ሹራብ በለብታ ውሃ ተዘፍዝፎ ሳይታሽ ይታጠባል፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፣ በጥላ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ውሃ እንዳዘለ ገመድ ላይ ከተሰጣ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፤ በቀትር ፀሐይ ከተሰጣም ድስት ውስጥ የተደከመበት ቀለም ያለጊዜው ይገረጣል።